የቀይ ሽብር ተጠያቂነት እና የመንግሥቱ ኃይለማርያም ድርሻ በሕዝብ አስተያየት

ቀይ ሽብር የደርግ መንግሥት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተቃዋሚዎቹ፣ በተለይም በኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) አባላትና ደጋፊዎች ላይ ያካሄደው የግድያ፣ የእስራትና የግርፋት ዘመቻ ነው። የሟቾቹ ቁጥር ከአሥር ሺዎች እስከ ግማሽ ሚሊዮን ይገመታል። ዘመቻው ካበቃ ወዲህም የደርጉ ሊቀመንበር የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ድርሻ ማከራከሩን አላቆመም። በዚህ ክርክር ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ፤ «ማን ጀመረው?» እና «ማን ይጠየቅበት?»። የመጀመሪያው የታሪክ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔ ያገኘ ነው። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ ምንም ይሁን ምን ሁለተኛውን አይሽረውም።

«ማን ጀመረው?»

መንግሥቱን የሚከላከሉ ሰዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከመስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ያን ጊዜ ምክትል ሊቀመንበር በነበሩት በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ቀጥሎም ኢሕአፓ የቀበሌ ሹማምንትንና ያን ጊዜ ደርግን ይደግፍ የነበረውን የመኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ካድሬዎችን መግደሉን ተያያዘው። ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» አለው፤ የራሱን ደግሞ «ቀይ ሽብር» ብሎ እንደ አጸፋ አቀረበው። የኢሕአፓ ሰዎች በበኩላቸው ድርጅታቸው መሣሪያ ያነሣው ሰላማዊው መንገድ ከተዘጋበት በኋላ ነው ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ዛሬም ስምምነት የለም።

የቀናቱ ቅደም ተከተል ግን አያከራክርም። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ 60 ያህል ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ሲገድል ኢሕአፓ ገና ራሱን በይፋ አላሳወቀም ነበር። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ጄኔራል አማን አንዶም የሞቱትም በዚያው ሌሊት ነው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ተገደሉ፤ ሥልጣኑም ሙሉ በሙሉ በመንግሥቱ እጅ ገባ።

ከአደባባይ እስከ ቀበሌ

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ዛሬ መስቀል አደባባይ በሚባለው በያኔው አብዮት አደባባይ ቆመው ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰባበሩ፤ የፀረ አብዮተኞች ደም እንደዚህ ይፈስሳል ሲሉም ዛቱ። ስለ ሊቀመንበሩ ኃላፊነት በተነሣ ቁጥር ሰው አስቀድሞ የሚጠቅሰው ይህን ትእይንት ነው። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ለሰልፍ የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች፣ ተገደሉ።

ጥይቱን የሚተኩሰው ግን በአመዛኙ የሠፈር ሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቤት አዋጅ የተቋቋሙት ቀበሌዎች መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ኪራይ መሰብሰብና የአካባቢን ጉዳይ ማየት ነበር። በ1969 የአብዮት ጥበቃ ጓድ ታጠቀላቸው። በአሰሳ ጊዜ ከተማው ተዘግቶ ቤት ለቤት ይፈተሻል፤ የተጠረጠረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ከቀበሌ በላይ ወዳለው አስተዳደር ወደ ከፍተኛ፣ ጉዳዩ ከከበደም ወደ ማዕከላዊ ምርመራ እስር ቤት ይሄዳል። «ነፃ እርምጃ» በሚባለው አሠራር ጓዱ ያለ ክስና ያለ ፍርድ እንዲገድል ተፈቀደለት። አስከሬኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ መንገድ ዳር ይጣላል፤ ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ ይከለከላል፤ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ።

የሕዝቡ አስተያየት ሁለት መልክ የያዘው በዚህ የተነሣ ነው። አደባባዩን የሚያስታውስ ሰው «መንግሥቱ ፈጀን» ይላል። ልጁን ጎረቤቱ ሲጠቁምበት ያየ ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር በስሙ ይጠራል፤ መንግሥቱን የሚያነሣው ኋላ ነው። በክፍለ ሀገርም ቢሆን ስማቸው የቀረው የአካባቢው ሹማምንት ናቸው፤ የጎንደር እናቶች በዚያ የደርግ ሹም የነበረውን መላኩ ተፈራን «የእግዜር ታናሽ ወንድም» ብለው ልጃቸውን እንዲምርላቸው በእንጉርጉሮ ለምነውታል።

ፍርዱ

መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ተቋቋመና ከ300,000 ገጽ በላይ ሰነድ ሰበሰበ። ደርግ የሚሠራውን በጽሑፍ የሚያሰፍር መንግሥት ስለነበር የግድያ ትእዛዞች፣ የተገደሉ ሰዎች ስም ዝርዝሮችና ለበላይ የተላኩ ሪፖርቶች ተገኙ። ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎችም የጅምላ መቃብሮችን በማስቆፈር ዐፅም በመለየት ረድተዋል። ይህ ማስረጃ የተሰበሰበበት ትጋት ከሚገባው በታች ነው የተመሰገነው።

በጠቅላላው 5,198 ሰዎች ተከሰሱ፤ 2,246ቱ በእስር ላይ የነበሩ ሲሆን 2,952ቱ በሌሉበት ነው የተከሰሱት። ተከሳሾቹ በሦስት ደረጃ ተመደቡ፤ ውሳኔ ሰጪዎች፣ ትእዛዝ አስተላላፊዎችና መካከለኛ ኃላፊዎች፣ በእጃቸው የፈጸሙ። አመዳደቡ በሕዝቡ ዘንድ ለተለያየው አስተያየት ሕጋዊ መልስ ነው። የላይኛው ተጠያቂነት የታችኛውን አያስቀርም፤ የታችኛውም የላይኛውን አይሸፍንም።

በመንግሥቱና በሌሎች 72 ተከሳሾች ላይ የቀረበው ዋናው ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ 12 ዓመታት ከ10 በላይ ተከሳሾች ሞቱ። ክሱ የተመሠረተው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። አንቀጹ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ዘር ማጥፋት ይለዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የ1948 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም። ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ነበር። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ በደርግ ዘመን የወጡ ሕጎች ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠውን ጥበቃ ስላነሡት ወንጀሉ በአንቀጽ 522 ከባድ የሰው ግድያ ነው አሉ። «ዳኛው ነፃ አወጣቸው» እየተባለ የሚነገረው ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ በወንጀሉ ስያሜ እንጂ በግድያው መፈጸም ላይ አልነበረም።

ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በመንግሥቱና በሌሎች 18 ሰዎች ላይ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

በ2003 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ ሰው «ይቅርታ ተደረገላቸው» ብሎ ያስታውሰዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለእንዲህ ያለ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታን ይከለክላል፤ የሚፈቅደው ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲያሻሽል ብቻ ነው። የሃይማኖት አባቶች ባቀረቡት ልመና ፕሬዚዳንቱ ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የ23 ባለሥልጣናትን ቅጣት አሻሻሉ። የዕድሜ ልክ እስረኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ እነርሱም ከ1983 ጀምሮ ታስረው ስለነበር በ2004 መጀመሪያ ወጡ። መንግሥቱ በዚህ ውስጥ የሉም፤ የሞት ቅጣታቸው አልተሻሻለም።

አራት አቋሞች

የሰማዕታት ቤተሰቦች ኃላፊነቱን ከላይ እስከ ታች ይዘረጉታል። ከቅጣት በላይ የጠየቁት የልጆቻቸውን ዐፅም ነው፤ በ2003 የብዙዎቹ ቅሬታ ምሕረትን መጥላት አልነበረም፤ ይቅርታ ጠያቂዎቹ የተቀበሩበትን ቦታ ሳይናገሩ መውጣታቸው ነበር።

የቀድሞ የድርጅት አባላት እርስ በርስ ይካሰሳሉ። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» በሰጠበት ጊዜ ቀበሌዎች መታጠቃቸው እስከ ዛሬ ይወቀስበታል፤ ነሐሴ 1969 ላይ ኅቡዕ ከገባ በኋላ ግን አባላቱ በዚያው መሣሪያ ተገድለዋል።

የቀድሞ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቹ የሶማሊያን ወረራ መመከት፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻንና የአገር አንድነትን ያነሣሉ። እነዚህ እውነት ናቸው፤ ለግድያው ግን መልስ አይሆኑም። መንግሥቱ ራሳቸውም ከስደት በሰጧቸው ቃለ መጠይቆች ጦርነቱን ሌሎች እንደ ጀመሩትና ውሳኔው የጋራ እንደ ነበር ተናግረዋል። ውሳኔው በጋራ መወሰዱ ግን የሰብሳቢውን ድርሻ አይቀንሰውም።

ዘመኑን ያላየው ወጣት የቅርብ መንግሥታትን በተቀየመ ቁጥር ወደ መንግሥቱ ምስል ይመለሳል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2010 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር ዚምባብዌ ውስጥ የተነሡትን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ለጥፈው መልሰው ሲያነሡት ይህ ልዩነት ገሃድ ወጣ፤ ገሚሱ ናፍቆቱን ሲገልጽ ገሚሱ የሟቾችን ፎቶግራፍ ለጠፈ።

ከአገር ውጭ

ዘ ሄግ የሚገኝ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የደርግ ተወካይ የነበረውን እሸቱ ዓለሙን በ1970 በጎጃም ለተፈጸሙ ወንጀሎች በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሹም የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ውስጥ ተለይቶ በፍትሐ ብሔር ተረታ፤ በ1999 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ሙዚየሙ

በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጠርሙሶቹ በተሰበሩበት አደባባይ ዳር ይገኛል። ከጅምላ መቃብር የወጡ አፅሞችና አልባሳት፣ ግድግዳ የሞሉ የወጣቶች ፎቶግራፎች እንዲሁም እስረኛ ታስሮ የሚገረፍበትን ሁኔታ የሚያሳይ ሞዴል ተቀምጠውበታል። ከዚያ ትውልድ የተረፉ ሰዎች ጎብኚውን ይመራሉ። «ማን ጀመረው?» ተብለው ሲጠየቁም በፎቶግራፎቹ ሥር ወደ ተጻፈው ዕድሜ ያመለክታሉ።