የሥልጠና ሽግግር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ የዩናይትድ ስቴትስን ምድር ጦር ለመቀላቀል ለሚያስቡ ልጆቻችን ምክር ሲሰጥ፣ «ኳስ የሚጫወት ልጅ ለብቃት ፈተናው የተለየ ልምምድ አያስፈልገውም፤ ያለው ብቃት ይሸጋገራል» ሲል ሰማሁ። ይህን አባባል ከወላጆችም ከአሰልጣኞችም ለዓመታት ስሰማው ኖሬአለሁ። አሁን ልመልስለት የፈለግሁት «ሽግግር» የሚለው የሙያችን ቃል የያዘውን ጥንቃቄ ሁሉ አውልቆ ስለጣለው፣ ይህንንም አምነው የሄዱ ልጆች ቅልጥማቸው ተሰንጥቆ ሲመለሱ ስላየሁ ነው።

በሙያው የሥልጠና ሽግግር የምንለው፣ ሰውነት በአንድ እንቅስቃሴ ምክንያት ያመጣው ለውጥ በሌላ እንቅስቃሴ ላይ የሚያሳየውን ውጤት ነው። ውጤቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽም፣ ከናካቴው ምንም ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ «ይሸጋገራል» ያለ ሰው ገና ምንም አልተናገረም። ምኑ ነው የሚሸጋገረው? ወደ ምን? ምን ያህሉ? በስንት ጊዜ?

ተንታኙ ብቃትን የሚያየው በአንድ ከረጢት እንዳለ ገንዘብ፣ የትም ገበያ እንደሚያገለግል አድርጎ ነው። እውነታው ወደ ውጭ ምንዛሪ ይቀርባል። እያንዳንዱ ስፖርት የሚከፍለው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ፈተናው ደግሞ የሚቀበለው የራሱን ብቻ ነው። በመካከል ምንዛሪ አለ፤ ተመኑም ለሁሉም የሰውነት ክፍል አንድ አይደለም። ልብና ሳንባ በኳስ ሜዳ ያገኙት በጥሩ ተመን ይመነዘራል። የእጅና የጀርባ ጉልበት ግን ከኳስ ሜዳ ይዞት የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ፣ ተመኑ ቢመችም የሚመነዘር የለም።

ፈተናውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጦሩ ፈተና አምስት ክፍሎች አሉት፦ ከመሬት ክብደት ማንሳት (ዴድሊፍት)፣ ደረት መሬት ከነካ በኋላ ሁለቱም እጆች ከመሬት የሚለቁበት ፑሽ አፕ፣ በአምስት ዙር በድምሩ 250 ሜትር የሚሸፈንበት የመሮጥ፣ የመጎተትና የመሸከም ፈተና፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ በመጨረሻም የሁለት ማይል ሩጫ። እያንዳንዱ ክፍል ከ100 ይያዛል፤ በእያንዳንዱም ቢያንስ 60 ማምጣት ግዴታ ነው። ለውጊያ ሙያዎች ደግሞ ለወንዱም ለሴቷም እኩል በሆነ መመዘኛ ጠቅላላው ከ350 ማነስ የለበትም። ተንታኙ ሳያነሳው ያለፈው ይህንን ነው። በሩጫ 100 ያገኘ ልጅ በዴድሊፍት 50 ካገኘ ወድቋል። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም።

ሩጫውም ቢሆን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በ90 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ አንድ ተጫዋች 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሸፍን ይችላል፤ አብዛኛው ግን እርምጃና ሶምሶማ ነው፣ በመካከሉ አጫጭር ፍጥነቶች ይገባሉ፣ ከእያንዳንዱ በኋላም እረፍት አለ። የሁለት ማይሉ ሩጫ (3.2 ኪሎ ሜትር) ያለ እረፍት፣ በአቅም ጠርዝ ላይ፣ ያውም ከአራቱ ክፍሎች ድካም በኋላ የሚመጣ ነው። የኳስ ተጫዋቹ ልብ ዝግጁ ነው። ፍጥነትን ከመነሻ እስከ መድረሻ እኩል አድርጎ የመያዝ ችሎታው ግን አልተገነባም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ማይል እንደ መልሶ ማጥቃት ሮጦ ቀሪውን ሲሰቃይ ያልፋል። ይህን ስህተት ሳልቆጥረው የቀረሁት ስለበዛብኝ ነው።

«ነገር ግን እኔ ራሴ ኳስ ብቻ ተጫውቼ ሁሉም ነገር ተሻሽሎልኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ለጀማሪ ምንዛሪው ሁልጊዜ ለጋስ ነው፤ ለወራት የተቀመጠ ሰው ማንኛውንም እንቅስቃሴ ቢጀምር ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ይሻሻልለታል። ብቃቱ ባደገ ቁጥር ተመኑ ይጠባል፣ የሚፈለገውን ለማግኘትም የሚፈለገውን ራሱን መለማመድ ግድ ይሆናል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚመጣብኝ መከራከሪያ አበበ ቢቂላ ነው፦ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ሯጭ ነበር፣ እንግዲያው ሯጭ ወታደር ለመሆን ይበቃል ይላሉ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ መጀመሪያ ወታደር ሆኖ፣ በክብር ዘበኛ ውስጥ በስዊድናዊው አሰልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ነው ወደ ማራቶን ያደገው። አቅጣጫው ከወታደርነት ወደ ሩጫ ነበር፤ ከእሱ ታሪክ ስለ ዴድሊፍት የምንማረው የለም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ነጥብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፈተናው ጨርሶ የማይለካው አጥንት ነው። በእስራኤል እግረኛ ጦር ምልምሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከመመልመላቸው በፊት ቢያንስ ለሁለት ዓመት የኳስ ጨዋታዎችን፣ በተለይም ቅርጫት ኳስን፣ ዘወትር የተጫወቱ ወጣቶች በሥልጠና ወቅት የሚደርስባቸው የአጥንት ስንጥቅ ካልተጫወቱት በግልጽ ያነሰ ነበር። ቀድሞ መሮጥ ግን ተመሳሳይ ጥበቃ አልሰጠም። ከእኛም ማኅበረሰብ ብዙ ልጆች በዚያ ጦር ስለሚያገለግሉ ይህን ውጤት ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። አጥንት የሚጠነክረው ከተለያየ አቅጣጫ በሚመጣ ኃይለኛ ምት ነው፦ በመዝለል፣ በማረፍ፣ በድንገት በመዞር። አንድ ዓይነት እርምጃ ሺህ ጊዜ መደጋገም ይህን አይሰጥም፤ ዋናና ብስክሌትም ልብን ቢያጠነክሩ ለቅልጥም የሚሰጡት በጣም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ለተንታኙ ግማሽ መንገድ እሄድለታለሁ። ኳስ ለወታደርነት ይጠቅማል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን እሱ ያላየው ቦታ ነው፣ የሚገኘውም በዓመታት ነው። ልብ በሳምንታት ይለወጣል፣ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጭነት ሲገጥመው ከመገንባቱ በፊት አሮጌውን ስለሚያፈርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጊዜው ይሳሳል። ትንፋሹ ጥሩ የሆነው ልጅም ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልቡ «ቀጥል» እያለው አጥንቱ አልደረሰለትም። የ14 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ቅርጫት ኳስ ያስጫውተው። ስምንት ሳምንት የቀረው የ18 ዓመት ልጅ ግን ያንን ጥቅም አሁን በኳስ አያገኘውም፤ የእግር ጉዞና ሩጫውን ቀስ በቀስ ማሳደግ ነው ያለበት።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራዬ ስለማየው ነው። አጥንት ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ቀን ሙሉ ሳይበሉ ከባድ ልምምድ ጀምረው ክብደታቸው የሚወርድ ወጣቶች አሉ። ጾሙን የሚተውበት ምክንያት አይደለም፤ ልምምዱን የሚያቀልበት ወይም ከፋሲካ በኋላ የሚያሳድግበት ምክንያት ነው። ልጃገረድ የወር አበባዋ ከተቋረጠ ደግሞ ልምምዱ ቆሞ ሐኪም መታየት አለባት፤ በዚያ ሁኔታ አጥንቷ እየሳሳ ሊሆን ይችላል።

አሁን ፈተና የደረሰበት የኳስ ተጫዋች ምን ያድርግ? ኳሱን በሳምንት ሁለት ቀን ይያዝ። በሌሎቹ ቀናት ዴድሊፍትን በቀላል ክብደትና በትክክለኛ አቋም ይጀምር፣ ፑሽ አፑን ፈተናው በሚጠይቀው መልክ ይለማመድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሳያቋርጥ፣ ፍጥነቱን እኩል አድርጎ ይሩጥ፤ ይህን ሁሉ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቀድሞ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ቁርጭምጭሚቱን አንድ ግጭት ሊያወልቀው ስለሚችል፣ ቡድኑ ምንም ቢለምነው ግጥሚያ አይግባ።