ባተርሲ፦ ሁሉም የሚያውቀው፣ ታሪኩ ግን የተዛባበት የኃይል ማመንጫ

ለንደን ውስጥ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ አራት ነጫጭ ጭስ ማውጫዎች ያሉት ግዙፍ የጡብ ሕንፃ አለ። ባተርሲ ይባላል። በድንጋይ ከሰል ይሠራ የነበረ የኃይል ማመንጫ ነው። ስለሱ በስህተት የሚነገረው ብዙ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ከመጀመሪያውም ባለ አራት ጭስ ማውጫ ነበር»

አልነበረም። ባተርሲ መንታ ነው። አንደኛው ግማሽ በ1933 በሁለት ጭስ ማውጫ ሥራ ጀመረ። የሌላው ግማሽ ግንባታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ፣ አራተኛው ጭስ ማውጫ የቆመው በ1955 ነው። የዘመኑን ልዩነት ማየት የፈለገ ሁለቱን መቆጣጠሪያ ክፍሎች ይመልከት። የመጀመሪያው ግድግዳ በጣሊያን እብነ በረድ ተለብጧል፤ ቤተ መንግሥት የገባህ ነው የሚመስልህ። ሁለተኛው ጋ ያለው ግን ማይዝግ ብረት ነው፣ አለቀ። አገሪቱ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር።

«ጭስ ማውጫዎቹ የድሮዎቹ ናቸው»

ድሮዎቹ ኮንክሪታቸው ስለተበላ ፈርሰዋል። የዛሬዎቹ እስከ 2017 ድረስ በቀድሞው መልክ እንደገና የተሠሩ ናቸው።

«ጭሱ ታጥቦ ስለሚወጣ ብክለት አልነበረውም»

መታጠቡስ ይታጠብ ነበር። ከጭሱ ውስጥ ድኝ የሚወጣው በቴምዝ ውኃ ነበር። ያ ውኃ ግን ተመልሶ ወደ ወንዙ ነው የሚገባው። ሰማዩ ሲቀለው ወንዙ ተሸከመ።

«የተዘጋው በብክለት ምክንያት ነው»

ዋናው ምክንያት እርጅና ነው። ማሽኖቹ ደከሙ፣ ወጪው ከምርቱ ጋር አልመጣጠን አለ። የመጀመሪያው ግማሽ በ1975፣ ሁለተኛው በ1983 ቆመ።

«ከተዘጋ በኋላ ያበላሸው ዕድሜ ነው»

ይህኛው ያናድደኛል። ሕንፃው በ1980 በቅርስነት ተመዝግቦ ነበር። ከተዘጋ በኋላ መዝናኛ ፓርክ እናደርገዋለን ተባለ። ማሽኖቹን ለማውጣት ሲባል ጣሪያው ተነሳ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀና በ1989 ሥራው ቆመ። ቤት ጣሪያው ከተነሳ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። የሕንፃውን ክብደት የተሸከመው ከጡቡ ጀርባ ያለው የብረት አጥንት ነው፤ ያ ብረት ለዝናብ ተጋልጦ ለዓመታት ዛገ። ባለቤት ተለዋወጠ፣ ዕቅድ በዕቅድ ላይ ተደረበ፣ ጣሪያ ግን የለም። ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ሆኖ ለሕዝብ የተከፈተው በ2022 ነው። ከተዘጋ 39 ዓመት መሆኑ ነው።