በጅማ በቤት የሚዘጋጁ የውበት መጠበቂያዎችና የእጅ ሥራ አልባሳት

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ቡና፣ ማርና ፍራፍሬ በሚበዛበት እርጥበታማ ምድር መካከል ትገኛለች። ለጠጉርና ለቆዳ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ እዚህ ሩቅ አይደለም። ለጋ ቅቤ፣ ማር፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ የጥብስ ቅጠልና የቡና አተላ ከማዕድ ቤት፣ ሂናና ዕጣን ደግሞ ከገበያ ይገኛሉ። ቅመሙ በየቤቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የአንዷ ቅባት መዓዛው ሲያምር የሌላዋ የሚበላሸው በአያያዝ ነው፤ ንጽሕና፣ ጊዜና ልክ ማወቅ ከማንኛውም ውድ ዘይት ይበልጣሉ።

የአካባቢው ስም ከመዓዛ ጋር ከተቆራኘ ቆይቷል። በጅማና በሊሙ ዙሪያ ጥርኝ በማኖር የሚገኘው ዝባድ የተባለው መዓዛማ ቅባት በቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉትም መዓዛን ስለሚያቆይላቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በጅማ የነበረው የሂርማታ ገበያ የቡና፣ የዝሆን ጥርስና የዝባድ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። በቤት ግን መዓዛ የሚፈለገው ከጢስ ነው። ወይራ ወይም ወይባ ይጤሳል፤ ሙሽራና አራስ ሰውነታቸውን፣ ሌላው ሰው ልብሱን ይታጠናል። መስኮት በተዘጋ ክፍል ፍም አንድዶ መቀመጥ ግን ሕይወት የሚያሳጣ ስለሆነ አየር ማስገባት የግድ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠጉር ቅቤ ሊወራለት ይገባል። ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ እየታሸ አሬራው እስኪለቅ ድረስ ይታጠባል። ቶሎ የሚከረፋው የቀረው አሬራ ስለሆነ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ የደቀቀ አደስ ገብቶበት በጣት እየተለወሰ ከጠጉሩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሥሩ ይቀባል፤ ራስ በሻሽ ታስሮ ይቆይና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ቅቤው የጠጉሩን ዘለላ ሸፍኖ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል፤ ስለዚህ ደረቅና ተሰባሪ ጠጉርን ይጠቅማል። አዲስ ጠጉር ያበቅላል የሚባለው ግን ከእውነት የራቀ ነው። ፎረፎር ያለበት ሰውም የራስ ቆዳውን ባይቀባ ይሻለዋል።

ቅባት ለሚከብደው ጠጉር ተልባ አለ። አንድ እጅ ተልባ በአምስት ወይም በስድስት እጅ ውኃ ቀስ ብሎ ይቀቀላል፤ እንደ እንቁላል ነጭ መሳብ ሲጀምር ወዲያው፣ በትኩሱ ይጠለላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ወንፊትም ሆነ ጨርቅ አያሳልፈውም። ውኃ ያለበት ነገር ሁሉ ስለሚሻግት በማቀዝቀዣም ቢሆን ከአንድ ሳምንት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው። የጥብስ ቅጠል በዘይት የሚዘፈዝፍ ሰውም ቅጠሉን አስቀድሞ ፍጹም ማድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ዘይቱን ያበላሻል።

ለሠርግና ለዒድ ሂና ይነሣል። ዱቄቱ በሎሚ ጭማቂ ይለወስና ቀለሙ እስኪወጣ ለሰዓታት ይቀመጣል። ከዚያ በትንሽ የላስቲክ ቀንድ እየተጨመቀ እጅና እግር ላይ ይሣላል። ሲነሣ ብርቱካናማ የነበረው በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ቀለሙ ከቆዳው የላይኛ ሽፋን ጋር የሚጣበቅ በመሆኑ የሚለቀውም ቆዳው ሲታደስ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድፍን ጥቁር የሚሆነውን «ጥቁር ሂና» ግን መሸሽ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ የጠጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል። እንሶስላም እንዲሁ ያስውባል፤ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረግና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል።

ለፊት የሚሆነው ጥቂት ቢሆን ይመረጣል። የበሰለ አቮካዶ ከማር ጋር ተፈጭቶ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ቆዳን ያለሰልሳል። የቡና አተላ ለተረከዝና ለክርን መልካም ነው፤ ለፊት ግን ሻካራ ነው። በየስልኩ የሚዞረው የሎሚ፣ የቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙና ምክር በጣም ያሳስባል። ቆዳ በባሕርዩ መጠነኛ አሲድ ነው፤ ሎሚ እጅግ ይበልጠዋል፣ ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ይገፋዋል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊጥል ይችላል። አንዳንድ የገበያ ኩልም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ አይሆንም። ማንኛውም አዲስ ውሁድ አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ተቀብቶ አንድ ቀን ሙሉ ቢታይ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ወደ ልብስ ስንመጣ ብልሃቱ አሮጌውን መልሶ መሥራት ነው። ከሰልባጅ የተገዛ ሰፊ ቀሚስ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ወገቡ ይጠባል፤ የተረፈው ጨርቅ ኪስ፣ የጠጉር ማሰሪያ ወይም የትራስ ልብስ ይሆናል። ዳንቴል የሚሠሩ እጆች የሻሽና የነጠላ ጠርዝ ያስጌጣሉ፤ ዶቃ የሚሰካኩም አሉ።

ጅማን ይበልጥ የሚመስለው ግን በቡና ማቅለም ነው። ከአንድ ሳምንት የቡና ሥርዓት የተረፈው አተላ ሻጋታ እንዳይዘው በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ ይጠለላል። የነጣ ወይም የቆሸሸ የጥጥ ነጠላ በሳሙና በደንብ ታጥቦ፣ በሸብ ውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ፣ እርጥብ እንዳለ ይነከርና ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ቀለል ያለ ቡናማ ይሆናል፤ ጠቆር እንዲል የፈለገ የዛገ ምስማር አብሮ ይጨምራል። ፖሊስተር ቀለሙን አይዝም። በእርድ የሚገኘው ቢጫ ደግሞ ዓይን ቢስብም በፀሐይ ቶሎ ይነጣል፤ ስለዚህ ለሠርግ ልብስ አይመከርም። በቡና የተቀለመ ልብስ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል።

ዳንቴልና የተስተካከለ ቀሚስ ለጎረቤትም ለገበያም ያለ ብዙ ችግር ይሸጣሉ። ቅባትና ሳሙና ግን ለሌላ ሰው ቆዳ የሚደርሱ ናቸው፤ የመዋቢያ ምርት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ለወዳጅ የሚሰጠው ማሰሮም ቢሆን በውስጡ ያለውና የተሠራበት ቀን ተጽፎበት ቢሰጥ ተቀባዩ መቼ መጣል እንዳለበት ያውቃል።