ስለ አባትና ልጅ ቁርኝት የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ የአባት ግዴታ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አርሶ ማብላት፣ ማልበስ፣ ማስተማርና ሲያጠፉ መቅጣት የሚል መልስ መስማት የተለመደ ነው። ብርዱ በሚያንቀጠቅጠው መንዝም ሆነ በቆላው ሸዋ ሮቢት ለልጁ ቀለብና ልብስ ያሟላ አባት ትልቅ ነገር አድርጓልና መልሱ የሚናቅ አይደለም። የጎደለው የልጁ ስሜት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ላለፉት ስድሳ ዓመታት ገደማ ባደረጉት ጥናት ደጋግመው የደረሱበት ነገር ቢኖር፣ ልጅ በአባቱ ላይ የሚተማመነው አባትየው ለልጁ ልቅሶ፣ ሳቅ፣ ፍርሃትና ጥያቄ በሚሰጠው ምላሽ ልክ መሆኑን ነው። ቀጥሎ የቀረቡት አባባሎች ግን ከዚህ ግኝት ጋር የሚጋጩ ናቸው።

«ሕፃን እስኪጠና ድረስ የእናቱ ነው፤ አባት የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው»

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የሳይንሱም እምነት ነበር። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ዘገባ የሕፃኑን የአእምሮ ጤና በዋናነት ከእናቱ ጋር ካለው ግንኙነት ጋር አያይዞ፣ የአባትን ድርሻ እናቲቱን በገንዘብና በስሜት ከመደገፍ እምብዛም አላሳለፈውም። ይህን አስተሳሰብ ቀድመው ከፈተሹት መካከል ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን ይገኙበታል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በስኮትላንዷ ግላስጎ ከተማ 60 ሕፃናትን እስከ 18 ወር ዕድሜያቸው ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት፣ ሕፃናቱ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከአባታቸው ጋር ቁርኝት መሥርተው እንደተገኙ ገለጹ። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ከሦስት ሕፃናት ከአንዱ በላይ የሚሆኑት አጥብቀው የሚፈልጉት ሰው፣ ዘወትር የሚመግባቸውና የሚያጥባቸው ሰው አልነበረም። ሕፃናቱ ይበልጥ የሚቆራኙት ሲያለቅሱ ፈጥኖ ከሚደርስላቸውና ከሚያጫውታቸው ሰው ጋር ነበር።

«እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል» ይባላል። ተረቱ የሚናገረው ስለ እናት ነው፤ አባት ሲሄድስ? ሚልተን ኮተልቸክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕፃናትን ከእናታቸው፣ ከአባታቸውና ከማያውቁት እንግዳ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አድርጎ፣ አዋቂዎቹ ተራ በተራ እንዲወጡ በማድረግ የሕፃናቱን ሁኔታ መዘገበ። ሕፃናቱ እናታቸው ስትወጣም አባታቸው ሲወጣም ጨዋታቸው ይቀዘቅዝና ቅሬታቸውን ያሳዩ ነበር፤ እንግዳው ሲወጣ ግን ጨዋታቸው አይቀዘቅዝም ነበር።

ጡት ማጥባት የእናት ብቻ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ማስገሳት፣ እሹሩሩ ማለት፣ ሌሊት ሲነሣ በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ መዞር ጡት አይጠይቅም። ሮስ ፓርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማዋለጃ ክፍሎች ባደረጉት ምልከታ፣ አባቶች ለአራስ ልጃቸው በጡጦ ወተት ሲሰጡ፣ ሕፃኑ ሲያስለው ወይም ሲያንቀው ከእናቶች ባልተናነሰ ፍጥነት ያስተውሉ እንደነበርና ሕፃናቱም የጠጡት የወተት መጠን ተቀራራቢ እንደነበር አሳይተዋል። እንግዲህ ችሎታ አይደለም የጎደለው፤ ዕድል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ ከነደመወዙ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራ ወጣት አባት ከልጁ ጋር በወጉ ሳይተዋወቅ ወደ ማሽኑ ይመለሳል።

«የእናት አንጀት የተፈጥሮ ነው፤ ወንድ ግን አልተፈጠረበትም»

ይህ አባባል በከፊል እውነት ስላለበት በቀላሉ አይነቀልም። እርግዝናና ወሊድ የእናትን አካል በእጅጉ ያዘጋጃሉ። ይሁን እንጂ የአባትም አካል እንደነበረ አይቀጥልም። በፊሊፒንስ ሴቡ 624 ወጣት ወንዶችን ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የሊ ጌትለርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ትዳር መሥርተው የወለዱት ወንዶች ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን መጠን በግልጽ እንደቀነሰ፣ ልጃቸውን በመንከባከብ በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያሳልፉት ደግሞ መጠኑ ይበልጥ ዝቅተኛ እንደሆነ አሳይቷል። በእስራኤል ሩት ፌልድማንና ባልደረቦቿ 80 ጥንዶችን የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ሲመረምሩ፣ ከመቀራረብ ጋር የተያያዘው የኦክሲቶሲን ሆርሞን መጠን በእናቶችና በአባቶች መካከል ልዩነት አልታየበትም። የእናት አንጀት የምንለው ነገር እንግዲህ ልጅን በማቀፍና በማባበል ጭምር የሚዳብር ነው፤ ያላቀፈ አባት አንጀቱ አልራራም ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፣ ይቀፍ እንጂ።

«አባቱን የማይፈራ ልጅ አይቀናም»

በአካባቢያችን እጅግ ሥር የሰደደው ይህ ይመስለኛል። በብዙ የገጠር ቤት አባት ማምሻውን ከእርሻ ሲመለስ ልጅ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥበዋል፤ እራት ሲቀርብም እጅ አስታጥቦ ጎን ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሥርዓት ፍርሃት ብቻ አድርጎ መመልከት ግን ስህተት ነው። አባት ከገበታው ጠቅልሎ ልጁን ሲያጎርስ፣ «ዛሬ በጎቹ የት ዋሉ?» ብሎ ሲጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ሲሰማ በዚያች ቅጽበት አክብሮትና ፍቅር አብረው አሉ። ጥናቱ የሚቃወመው አክብሮትን አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዲያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የወላጆችን የአስተዳደግ ስልት ስታጠና፣ ጥብቅ ወሰን ከሙቀትና ከማዳመጥ ጋር ባዋሐዱ ወላጆች እጅ ያደጉ ልጆች፣ በትእዛዝ ብቻ ከሚያድጉትም ሆነ ልቅ ከሚተዉት ይልቅ ራሳቸውን የቻሉና ራሳቸውን የሚገዙ ሆነው ታይተዋታል።

አርጩሜ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ160 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተቱ 75 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ በመዳፍ መምታት ብቻውን እንኳ በልጁ ላይ ከጠበኝነት፣ ከጭንቀትና ከወላጅ ጋር ካለ ግንኙነት መሻከር ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ከመረመሯቸው 17 ውጤቶች 13ቱ ከመመታት ጋር ግልጽ ዝምድና የነበራቸው ሲሆን፣ አሥራ ሦስቱም ወደ ጉዳት ያዘነበሉ ነበሩ። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ያም ሆኖ ዱላ ልጅን እንደሚያቀና የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘበትም።

በዱላ ፋንታ ምን ይደረግ ለሚለው ጆን ጎትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መልስ ሰጥተዋል። የልጃቸውን ንዴትና ሐዘን አስተውለው ስሜቱን በስሙ የሚጠሩለት፣ ከዚያም ስለ ድርጊቱ ወሰን የሚያበጁ ወላጆች ልጆች ከዓመታት በኋላ ስሜታቸውን በመቆጣጠርም፣ ከእኩዮቻቸው ጋር በመግባባትም፣ በትምህርትም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ በመንዝ መስክ ላይ ምን ይመስላል? የአሥር ዓመት እረኛ ግልገል ጠፍታበት፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ በራፍ ላይ ቆሟል። አባቱ ገና ሳይሰማው ከጮኸበት ልጁ የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ መደበቅን ነው። «በጣም ደንግጠሃል፤ ና ቁጭ በል። ወዴት በኩል ነው የጠፋችብህ?» ካለው ግን ልጁ ቦታውን አስታውሶ ይናገራል፤ ለፍለጋውም አብሮ ይሄዳል። ከጓደኞቹ ጋር ገበጣ ሲጫወት መንጋውን መዘንጋቱ በማግሥቱ በእርጋታ የሚነገረው፣ እንደ ቅጣትም የጨዋታ ጊዜው የሚቀነስበት ጉዳይ ይሆናል።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም»

ጄኒፈር ማስካሮና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 52 አሜሪካውያን አባቶች ድምፅ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ይዘው እንዲውሉ አድርገው ነበር። የሴት ልጆች አባቶች ለልጃቸው ጥሪ ይበልጥ ምላሽ ሲሰጡ፣ ሲዘፍኑላትና ስለ ሐዘን ሲያወሩላት፣ የወንድ ልጆች አባቶች ግን ይበልጥ ሲላፉና ስለ ማሸነፍ ሲያወሩ ተደመጡ። ልጆቹ ገና የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። ማልቀስ የተከለከለ ወንድ ልጅ ሐዘኑ አይጠፋለትም፣ ቁጣ ሆኖ ሊወጣ ይችላል እንጂ።

«ጥሩ አባት ማለት ከልጁ ጋር የሚታገልና የሚላፋ ነው»

ይህኛው ከመንደር የመጣ ሳይሆን ከስልክ ቪዲዮ የመጣ ነው፤ ልጅን ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብ የማያዘወትር አባት የጎደለው ተደርጎ ይታያል። የምዕራባውያን አባቶች ከእናቶች ይልቅ በጉልበት ጨዋታ እንደሚታወቁ እውነት ነው። ነገር ግን አንትሮፖሎጂስቱ ባሪ ሂውሌት በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ በአደንና በለቀማ ከሚኖረው የአካ ሕዝብ ጋር ኖሮ ባጠናው መሠረት፣ የአካ አባቶች ከቀኑና ከሌሊቱ 47 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው ወይም እጃቸው በሚደርስበት ቅርበት ያሳልፋሉ፤ የጉልበት ጨዋታ ግን እምብዛም አያውቁም። በጀርመን ተመራማሪዎቹ የግሮስማን ባልና ሚስት 44 ቤተሰቦችን ልጆቹ 16 ዓመት እስኪሞላቸው ሲከታተሉ፣ የልጁን የኋላ የስሜት መረጋጋት የተነበየው አባትየው ልጁ የሁለት ዓመት ሳለ በጨዋታ ጊዜ የልጁን ፍላጎትና አቅም አስተውሎ መከተሉ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከጭቃ በሬ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ «ቀንዱንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ዝምተኛ አባት ከሚወረውረው አያንስም።

«አባት የሌለው ልጅ መበላሸቱ አይቀርም»

ባሎቻቸውን በሞት፣ በፍቺ ወይም በስደት ያጡ እናቶች ይህን ፍርድ ከለቅሶ ቤት እስከ ትምህርት ቤት ይሰሙታል፤ ፍርዱ ግን ከማስረጃ የራቀ ነው። ችግሮች በብዛት የሚመጡት ከድህነት፣ በቤት ውስጥ ከነበረ ጠብና ከእናቲቱ ብቸኝነት ነው። ፖል አማቶና ጆአን ጊልብሬት እ.ኤ.አ. በ1999 ከልጆቻቸው ጋር ስለማይኖሩ አባቶች የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ አባትየው የመጣበት ብዛት በልጁ ደኅንነት ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ሆኖ አገኙት፤ ከዚያ ይልቅ የሚመዝነው በስሜት መቀራረባቸውና አባትየው ልጁን እያዳመጠ፣ እየመራና ወሰን እያበጀ ማሳደጉ ነበር። ለሥራ አዲስ አበባ የከረመ አባት በበዓል መጥቶ ልብስ ሰጥቶ ከሚመለስ፣ በየሳምንቱ ደውሎ ልጁ ስለ አስተማሪው የሚያወራውን ቢሰማ ይሻላል ማለት ነው። ከአንድ በላይ ሰው ጋር መቆራኘት የግላስጎ ሕፃናትም ያደረጉት በመሆኑ፣ አጎት፣ አያት ወይም የክርስትና አባት ለልጁ እውነተኛ መጠጊያ ሊሆን ይችላል፤ የክርስትና አባትነትን በጥምቀቱ ዕለት ብቻ የምናስታውሰው መሆኑ ያሳዝናል።

«ወልዳ የምትጨነቀው እናት ናት፤ አባት ምን ሆነና?»

ጄምስ ፖልሰንና ሻርኔል ባዜሞር እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናቶችን አሰባስበው፣ ከአሥር አባቶች አንዱ ያህል በሚስቱ እርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክት እንደሚያሳይ አመልክተዋል። በእንግሊዝ ፖል ራምቻንዳኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናትም፣ ልጁ ስምንት ሳምንት ሲሆነው አባቱ በድባቴ ከተያዘ ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሞላው የስሜትና የጠባይ ችግር የማሳየት ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ ይህም የእናቲቱ ድባቴ ከግምት ገብቶ እንኳ እንደማይጠፋ አሳይቷል። ድባቴው በወንድ ላይ ሁልጊዜ ሐዘን አይመስልም፤ ብስጭት፣ አምሽቶ መግባት፣ መጠጥና ልጁን ከመታቀፍ መሸሽ ሆኖም ይታያል። በክትባት ቀጠሮ ሚስቱን አጅቦ ጤና ጣቢያ የመጣውን አባት ባለሙያዋ «አንተስ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ብላ ብትጠይቀው ጊዜ የሚወስድ ነገር አይደለም።