የንግድ ምልክት ምንድን ነው? በኒፐር እንየው

«የዚያ ውሻ ሥዕል ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮፒራይቱ (የቅጂ መብቱ) አልቋል፤ ማንም ድርጅት አርማው ሊያደርገው ይችላል።» ይህን አባባል ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩት። ሥዕሉ ማርጀቱ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ሰው ያስከስሳል።

ውሻው ኒፐር ነው፤ የሸክላ ማጫወቻ ፊት ተቀምጦ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጠው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ፍራንሲስ ባሮድ የሣለው ውሻው ከሞተ በኋላ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን በ50 ፓውንድ፣ የቅጂ መብቱን በሌላ 50 ፓውንድ ገዛ። ባሮድም መጀመሪያ የሣለውን ፎኖግራፍ (ሌላ ዓይነት የድምፅ ማጫወቻ) አጥፍቶ የኩባንያውን ግራሞፎን ተካበት።

በዚያ 100 ፓውንድ የተገዛው የሥዕል መብት ነው። የቅጂ መብት ደግሞ ያልቃል። ባሮድ በ1924 ስለሞተ፣ ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ቢቆጠርም ጊዜው አልፏል። የንግድ ምልክት ግን ሌላ መብት ነው፤ የሚጠብቀው ዕቃው የማን እንደሆነ የሚለየውን ምልክት ነው። የግራሞፎን ፈልሳፊው ኤሚል በርሊነር ውሻውን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው በ1900 ነው።

ገበሬ በሬው ታፋ ላይ የሚተኩሰውን ምልክት አስቡ። ማማሩ ጉዳያችን አይደለም። የሚናገረው «ይህ የእገሌ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። በሬው ቢሞትም ምልክቱ ለጥጃው ይተላለፋል። ገበሬው መተኮሱን ከተወ ግን ይረሳል። የሚያውቀውም የዚያ አገር ገበያ ነው፤ ወንዝ ማዶ ሌላ ሰው ያንኑ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል።

ኒፐርም እንዲሁ ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ የኤችኤምቪ፣ አሜሪካ ውስጥ የአርሲኤ፣ ጃፓን ውስጥ የጄቪሲ የተባሉ የተለያዩ ድርጅቶች ምልክት ነው። ግራሞፎን ኩባንያን የወረሰው የሙዚቃ ኩባንያ ኢኤምአይ እንግሊዝ ውስጥ ውሻውን ይዞ፣ አሜሪካ ሲገባ ግን ክላሲካል ሸክላዎቹን «ኤንጅል» በሚል ስም ለመሸጥ ተገዷል። «ውሻው የዓለም ሁሉ የአንድ ኩባንያ ነው» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው።

ሥዕሉን ሳሎን መስቀል ችግር የለውም። ስፒከር ካርቶን ላይ ማተም ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝና አሜሪካ ሳይመዘገብም በአጠቃቀም ብቻ የሚገኝ መብት አለ። በእኛ በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ግን ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባውም ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ስለዚህ «ለአርማዬ ኮፒራይት አለኝ» ብሎ ምዝገባውን የተወ ነጋዴ፣ ያንኑ አርማ ሌላ ሰው ቀድሞ በራሱ ስም ሊያስመዘግብበት ይችላል።