ሳይቶካይን ምንድን ነው?

«ሳይቶካይን ሰውነትን የሚያቃጥል መርዝ ነው፤ ከደም መጽዳት አለበት» የሚለው አባባል ከኮቪድ ወዲህ ሥር ሰዷል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ደግመው «ሳይቶካይን አጥፊ» ቅጠል ሲመክሩ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሳይቶካይን መልእክት ነው፤ አንዱ ሕዋስ ወደ ውጭ የሚለቀው፣ ተቀባይ ያለው ሌላ ሕዋስ የሚሰማው ትንሽ ፕሮቲን። የእድር ጡሩምባን አስቡ። ጡሩምባው ድንኳን አይተክልም፣ ንፍሮ አይቀቅልም፤ የሰማ ሁሉ በየድርሻው ይሰማራል እንጂ። ጉበት ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን ሳይቶካይን ሲሰማ ሲአርፒ የተባለ፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን ያመርታል፤ የደም ሥር ግድግዳ ቲኤንኤፍ የተባለውን ሌላ ሳይቶካይን ሲሰማ ለነጭ የደም ሕዋሳት መግቢያ ያመቻቻል። «በቃ፣ ተበተኑ» የሚል ጥሪም አለ፤ ኢንተርሉኪን-10 ብግነትን (የሰውነትን የመቆጣት ምላሽ) ያበርዳል። እርሱም ሳይቶካይን ነው! ሁሉንም እናጥፋ ማለት ማብረጃውንም ማጥፋት ነው።

ጥሪው ከልክ ሲያልፍ እንደሚጎዳ አልክድም። በቅማል የሚተላለፈውን ትኩሳት ግርሻ ያከመ ባለሙያ ያውቀዋል፤ ታማሚው ፔኒሲሊን ከተወጋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰብ መርፌውን ይጠረጥራል። ነገሩ ግን ባክቴሪያዎቹ ሲጠፉ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 በአንድ ጊዜ ስለሚያሻቅቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ቲኤንኤፍን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ከተሰጣቸው 20 ታማሚዎች ይህ የታየው በ10ሩ ሲሆን ካልተሰጣቸው 29 ታማሚዎች ግን በ26ቱ ላይ ነበር።

ታዲያ ቲኤንኤፍን ሁልጊዜ እንገደው? የተኛ የቲቢ ባክቴሪያን ከብበው የያዙት ሕዋሳት ከበባቸውን የሚያጸኑት በዚሁ በቲኤንኤፍ ነው። ለመገጣጠሚያ ብግነት ቲኤንኤፍን የሚያግደውን ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት በወሰዱ ሰዎች ላይ የተኛው ቲቢ ሲነሣ ታይቷል፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ሳይጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሳይቶካይን የሚሠራው በተለቀቀበት አካባቢ ስለሆነ ከክንድ የተቀዳ ደም ሁሉንም አይናገርም። የኢንተርሉኪን-6ን ተቀባይ የሚዘጋውን ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ተመልከቱ፤ ጡሩምባውን አይቀማም፣ የሰሚውን ጆሮ ይደፍናል። ስለዚህ ታማሚው እየተሻለው እንኳ በደሙ ውስጥ ያለው ኢንተርሉኪን-6 ሰሚ አጥቶ ይጨምራል።