የተጋጣሚን ፒቸር መመዘን፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ቤዝቦል ደጋፊዎች ልማድ

ሐሙስ ማታ በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ደጋፊዎች መሐል አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ነገ ማን ነው የሚወረውርብን?» ጥያቄው ስለ ተጋጣሚው ፒቸር ነው። ፒቸር ማለት ሜዳው መሐል ካለችው የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውር ተጫዋች ነው። እሱ ካልወረወረ ጨዋታ የለም። ቀኑ የእሱ ከሆነ ደግሞ የሌላው ቡድን ዱላ አየር ሲመታ ይውላል። ስለዚህ ደጋፊ ተጋጣሚውን ሲመዝን ከመቺዎቹ በፊት ፒቸሮቹን ያያል።

ልማዱ ሥር የሰደደው በውድድሩ አሠራር ምክንያት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር፣ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ ከፍተኛ ደረጃ በሆነው አንደኛ ዲቪዚዮን ውድድሩ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ይጀምራል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር እስከ 56 ጨዋታ ያደርጋል። የአንድ ሊግ ቡድኖች ሲገናኙ አንዴ ተጫውተው አይለያዩም። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ይጋጠማሉ። በሳምንቱ መሐል፣ ብዙ ጊዜ ማክሰኞ፣ ከሌላ ቡድን ጋር አንድ ጨዋታ ይጨመራል።

ጨዋታውን የሚከፍተው ፒቸር ዘጠና፣ መቶ ኳስ ሊወረውር ይችላል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ለቀናት ማረፍ አለበት። ዓርብ የከፈተ ልጅ እሁድ ተመልሶ አይከፍትም። ስለዚህ አንድ ቡድን ቢያንስ ሦስት ከፋች ያስፈልገዋል። ከእነሱ ጀርባ መሐል ላይ የሚገቡ ተቀያሪዎች አሉ። መጨረሻ ላይ ገብቶ በሩን የሚዘጋ ጨራሽም አለ።

በልማድ የዓርቡ ፒቸር የቡድኑ ምርጥ ነው። ወሬው ሁሉ የሚዞረውም በእሱ ዙሪያ ነው። እኔ ግን የእሁዱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሁለት ጠንካራ ቡድኖች ዓርብና ቅዳሜን አንድ አንድ ተካፍለው ሲመጡ፣ ነገሩን የሚጨርሱት ሦስተኛ ፒቸሮቻቸው ናቸው። ያኔ ተቀያሪዎቹም ደክመዋል። «ኮከባቸው ማን ነው?» ብሎ የሚያቆም ደጋፊ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። «እሱ ሲወጣ ማን ቀረ?» ማለት አለበት።

በመመዘኛነት መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር ኢ.አር.ኤ. ነው። በፒቸሩ ላይ በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት ያሳያል። ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ መደበኛ ጨዋታ 9 አለው። በተከላካዮች ስህተት የመጣ ነጥብ አይቆጠርበትም። ቁጥሩ ሲያንስ ፒቸሩ ጥሩ ነው። ግን ያታልላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልልቆቹ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ከደካማ ቡድን ጋር ይጫወታሉ። ያኔ ያማረ ቁጥር የሊግ ጨዋታ ሲጀመር ሊበላሽ ይችላል። ነገሩ የገባቸው ደጋፊዎች የማክሰኞ ጨዋታዎችን ወደ ጎን ትተው የሊጉን ብቻ የሚያዩት ለዚህ ነው።

ከኢ.አር.ኤ. ይልቅ የማምነው የስትራይክ አውትና የዎክን ንጽጽር ነው። ስትራይክ አውት መቺውን ኳስ ሳያስነኩ መመለስ ነው ቢባል ይቀላል። ዎክ ደግሞ አራት ኳስ ከልክ ውጪ ወርውሮ መቺውን በነጻ ማሳለፍ ነው። «በሰዓት 95 ማይል ይወረውራል» ሲባል ሰው ይደነግጣል። ፍጥነቱ ሰሌዳው ላይ ስለሚታይ ዓይን ይስባል። ልጁ ኳሷን የት እንደሚያሳርፍ ካላወቀ ግን ፍጥነት ብቻውን አያድነውም። ከፈጣኗ ኳስ ሌላ የሚያምናት ሁለተኛ ኳስ አለችው ወይ? መቺው ጋ ስትደርስ የምትታጠፈው ስላይደር ወይስ ቀስ ብላ የምታታልለው ቼንጅአፕ? እሱም መታየት አለበት። አንድ ዓይነት ኳስ ብቻ ያለው ፒቸር መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱበት ይነቃበታል። ግራኝ መሆኑም ለብቻው ይመዘናል፤ በግራ የሚመቱ ልጆች የበዙበት ቡድን ግራኝ ፒቸር ሲመጣበት ይቸገራል።

አምና የተያዘ ማስታወሻ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ምክንያቱ ዝውውር ነው። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዝውውር ፖርታል የሚባለውን መዝገብ ከፈተ። በ2021 ደግሞ ተጫዋቹ ትምህርት ቤት ሲቀይር አንድ ዓመት ሳይቀመጥ እንዲጫወት ተፈቀደ። አሁን ደጋፊው የባላንጣውን ፒቸሮች ለማወቅ ከየት እንደመጡም ማጥናት አለበት። ፒቸሩ ፖል ስኪንስ በአየር ኃይል አካዳሚ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ነው ሉዊዚያና ስቴት የመጣው። በ2023 209 ስትራይክ አውት አስመዘገበ። የኤስ.ኢ.ሲ. ሊግ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሆነ። የቀድሞው 202 ነበር፤ እሱንም በ1989 የያዘው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ቤን ማክዶናልድ ነው።

ሜዳ ላይ ደግሞ ምዘናው ድምፅ ያወጣል። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሜዳ የእንግዳው ቡድን ፒቸር ዎክ ሲሰጥ ተመልካቹ መቁጠሩን አያቆምም። «አምስት!» ይላል። ቀጣዩም ከልክ ውጪ ከሆነ «ስድስት!» ይከተላል። ልጁ ትክክለኛ ኳስ እስኪወረውር ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ፒቸር ልቡም አብሮ ይመዘናል። በሚሲሲፒ ስቴት ከግራ ሜዳው አጥር ማዶ ሰዎች ሥጋ እየጠበሱ ጨዋታ ያያሉ። ልማዱ የተጀመረው በ1960ዎቹ መኪና አጥሩ ጥግ አቁመው በሚመለከቱ ደጋፊዎች ነው። ስለ እንግዳው ፒቸር የሚደረገው ክርክርም ከጥብሱ ጋር አብሮ ይሞቃል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ያሳስበኛል። እነዚህ ፒቸሮች በአብዛኛው ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ናቸው። በ2009 ቴክሳስና ቦስተን ኮሌጅ 25 ኢኒንግ ተጫወቱ። በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ነው። የቴክሳሱ ተቀያሪ ኦስቲን ዉድ 13 ኢኒንግ ቆመ፤ 169 ኳስ ወረወረ፤ አንድ ነጥብ አልተቆጠረበትም። ቴክሳስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ጀግንነቱ አይካድም። ግን በአንድ ቀን ከአንድ ክንድ ይህን ያህል መጠየቅ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የተጋጣሚን ፒቸር ኳስ እየቆጠሩ «ደክሟል፣ አሁን ነው!» ማለት የጨዋታው ወግ ነው። የልጁን ክርን ጉዳት መመኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ፒቸር ያለ መረጃ ገንዘብም ያወጣል። በ2023 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ከሥራ ተባረረ። ቡድኑ ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ሊጫወት ሲል ከፋቹ እንደሚቀየር ለሕዝብ ሳይነገር፣ ወሬውን ለአንድ ቁማርተኛ አስቀድሞ አድርሶ ነበር። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በ2024 የ15 ዓመት ቅጣት ጣለበት። ደጋፊው ሐሙስ ማታ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልስ ነው አሳልፎ የሰጠው።

ምዘናው ጣሪያ የሚነካው በውድድሩ ማጠቃለያ ነው። 64 ቡድኖች ያልፋሉ። በ16 ከተሞች አራት አራት ሆነው ይመደባሉ። ሁለቴ የተሸነፈ ይወጣል። የምድቡ አንደኛ መጀመሪያ የሚገጥመው ደካማውን ነው። ታዲያ ምርጡን ፒቸር ዛሬ ያውጣው ወይስ ለነገው ከባድ ጨዋታ ያቆየው? በየዓመቱ ሰው የሚጨቃጨቅበት ነው። አቆይቶ ድንገት ከተሸነፈ አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት። ያን ጊዜ ስማቸው ተጠርቶ የማያውቅ ፒቸሮች ይወጣሉ።

አንድ ክንድ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያመጣ አርካንሳስ በ2021 አይቶታል። ተቀያሪው ኬቨን ኮፕስ የዓመቱ ኢ.አር.ኤ. 0.90 ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ወደሚገናኙበት ወደ ኦማሃ የሚያልፈውን በሚወስነው ጨዋታ እሱ ራሱ ከፈተ። እስከ 9ኛው ኢኒንግ ደረሰ። እዚያ ላይ የኖርዝ ካሮላይና ስቴቱ ሆሴ ቶሬስ ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት። አርካንሳስ 3 ለ 2 ተሸነፈ።

ከ1950 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች የሚገናኙት ነብራስካ ውስጥ ኦማሃ ነው። ጁን 22 ቀን 2023 ስኪንስና የዌክ ፎረስቱ ሬት ላውደር እዚያ ተፋጠጡ። ላውደር 7 ኢኒንግ፣ ስኪንስ 8 ኢኒንግ ወረወሩ። ሁለቱም ሲወጡ ውጤቱ 0 ለ 0 ነበር። በ11ኛው ኢኒንግ ቶሚ ዋይት ኳሷን ከአጥር ማዶ ልኮ ሉዊዚያና ስቴትን 2 ለ 0 ለፍጻሜ አሳለፈ። ስኪንስ ግን 120 ኳስ ወርውሮ ነበር። በፍጻሜው የሚጠብቁት የፍሎሪዳ ደጋፊዎች ይህን ቁጥር ሳይይዙት አልቀሩም። ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበትን የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ ለሉዊዚያና ስቴት የከፈተው ሁለተኛው ልጅ ታይ ፍሎይድ ነው። 17 ስትራይክ አውት አስመዘገበ፤ ቡድኑ 4 ለ 3 አሸነፈ። በማግስቱ ፍሎሪዳ 24 ለ 4 መለሰ። ሦስተኛውን ታቸር ኸርድ ከፈተ፤ ሉዊዚያና ስቴት 18 ለ 4 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ስኪንስ በሦስቱም ጨዋታ አንድ ኳስ አልወረወረም።